ብረቱ የሚለግሰው ነገር

ብረቱ ቀለም ቀቢ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ በዚያ ስም ግን ከመታወቂያ ሰጪው በቀር የሚጠራው ሰው የለም። ብረቱ ያልነው ታሞ አይተነው ስለማናውቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በጉንፋን ተይዞ አፍንጫውን ሲጠርግ እሱ መሰላሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ እያፏጨ ያልፋል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር የበላነው ዶሮ ተበላሽቶ ኖሮ፣ እንግዳው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሲሯሯጥ አደረ። ብረቱ ብቻ በማግስቱ ጠዋት መጥቶ "የተረፈ የለም ወይ?" ብሎ ጠየቀ።

ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም። በትምህርቱ መካከለኛ፣ በሩጫው መካከለኛ ነበር፤ መልኩንም ቢሆን ሚስቱ በፍቅር ዓይን አይታው እንኳ "መካከለኛ" ነው ያለችው። አንድም ቀን ተሸልሞ፣ አንድም ቀን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ቅር አይለውም፤ ሆደ ሰፊ ሰው ነው። አንድ ግድግዳ ቀብቶ ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ያየውና "ይኼም አልተበላሸ" ይላል፤ በዚያው ይረካል።

ነገር ያልቀናለት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፤ ከአማቱ ጋር።

የሚስቱ እናት ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ድምፅ ሲያገናኙ ስለኖሩ፣ ሰው "ደህና ነኝ" ሲላቸው እውነቱን ይሁን ውሸቱን ከትንፋሹ ይለዩታል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ፊት ለፊት ያለውን ክፍልና የሶፋውን ጥግ ይዘዋል። ከዚያ ጥግ ሆነው የአማቻቸውን ጉድለት ይቆጥራሉ። ሲስቅ ቤት ያናጋል። ሲበላ ያንጎራጉራል። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ የሆነ ቀለም አይጠፋም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሚበላው ነገር ነው፤ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጥቁር ዳቦ፣ ጠዋትም ማታም ያው።

"ልጄ ሰው አገባች ብዬ ነበር" ይላሉ፣ "ለካ ጥንቸል ነው ያመጣችብኝ።"

እሳቸው ዘንድ የሰው ልክ ወንዱ ልጃቸው ነው። ባንክ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነው። እሑድ እሑድ ከረባቱን አስሮ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ሥጋውን በቢላ ቆራርጦ ይበላል። ሰፈሩ ባንከኛው ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው ልበለው።

ነገሩ የጀመረው ብረቱ የአንድ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ሲቀባ ነው። ፎቁ ላይ የምርምር ክፍል ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ብረቱ ግድግዳውን ለመቀባት ማስታወቂያው አላስኬድ ስላለው በሩን አንኳኳ። ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ዶክተር ከፈተችለት።

"ይኼን ወረቀት ላንሳው ወይስ ዙሪያውን ልቀባ?" አላት።

"ያንሱት፤ ምንም አልፈየደልንም" አለች። "ጤነኛ ሰው ይፈለጋል የሚል ነው። ይኼን ያህል ጊዜ ተለጥፎ የመጣው ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይገኝበታል።"

"እኔ ምንም የለብኝም።"

ዶክተሯ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አየችው። "ለመጨረሻ ጊዜ መድኃኒት የወሰዱት መቼ ነው?"

ብረቱ ብሩሹን ባልዲው አፍ ላይ አሳርፎ አሰበ። "ልጅ ሆኜ እናቴ አንድ ሽሮፕ ሰጥታኝ ነበር፤ ተፋሁት።"

ዶክተሯ ወንበር ሳበችለት።

በሰው አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ፣ አብዛኞቹም ወዳጆች እንደሆኑ ነገረችው። ሰው አንቲባዮቲክ ሲወስድ ግን መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ብዙዎቹን ይጠርጋቸዋል። ሜዳው ባዶ ሲሆን አንድ ክፉ ባክቴሪያ ይሰፍርበትና መርዝ ያመነጫል፣ አንጀቱን ያቆስላል፣ በሽተኛው ከተቅማጥ ወደ ተቅማጥ ይሆናል። ክፉውን ለመግደል ሌላ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፣ ለጊዜው ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን አንዳንዱ ሰው ላይ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ላሉት ሰዎች መፍትሔው ወዳጆቹን ከሌላ ሰው አምጥቶ መልሶ ማስፈር ነው።

"ገባኝ" አለ ብረቱ። "ግድግዳ ፍቆ ባዶውን የተወ ሰው ሻጋታ ያበቅላል። ቶሎ መቀባት ነው።"

"እንደሱ ይበሉት።"

"ታዲያ ወዳጆቹ ከየት ይመጣሉ?"

ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ከጤነኛ ሰው። ከሰገራው።"

በኮሪደሩ አንድ የመድኃኒት ጋሪ ጎማው ሲጢጥ እያለ አለፈ።

"ከሰገራው" ብሎ ደገመ።

"አዎ።"

"ሰው እኮ ዝም ብሎ ይደፋዋል።"

"እኛንም የሚቆጨን እሱ ነው" አለች ዶክተሯ።

ከዚያ በኋላ ምርመራው መጣ። ደሙ ተቀዳ፤ ሌላውም ሌላውም ተወሰደ። ሩቅ አገር በቅርቡ ሄዶ እንደሆነ፣ ገላው ላይ ንቅሳት አሠርቶ እንደሆነ፣ ከዘመዶቹ የአንጀት በሽታ ያለበት ሰው እንዳለ ተጠየቀ። ለዚህ ነገር ከሚያመለክተው ሰው የሚያልፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ውጤቱን ስትነግረው የዶክተሯ ድምፅ እንኳ ተለውጦ ነበር።

"እንዲህ ያለ ናሙና አላጋጠመኝም" አለችው። "የባክቴሪያው ዓይነት ብዛቱ ሌላ ነው። ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየመጡ ውጤቱን አዩት።"

ብረቱ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤቱ ድረስ ለብቻው ፈገግ ሲል መጣ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ።

ለሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ካሮት ስትልጥ ነገራት። መጀመሪያ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቀጥላ ጠረጴዛውን ያዘች። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ተመርጬ ነው እኮ" አላት ትንሽ ከፋ ብሎት።

"አውቃለሁ" አለች ዓይኗን በክርኗ እየጠረገች። "ስንት ዓመት ሙሉ 'ከሽንት ቤት ውጣልኝ' እያልኩ በር የደበደብኩት ለካ ላቦራቶሪ ነው።" ትንሽ ቆይታ ግን ተረጋጋችና ጠየቀችው። "ሰው ይድንበታል?"

"ሌላ መድኃኒት እምቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ይድናሉ ነው ዶክተሯ የምትለው።"

"እንግዲያማ ሂድ። እማዬ ግን እንዳትሰማ።"

ናሙናው ትኩስ መሆን ስላለበት ብረቱ በማለዳ ሆስፒታል መድረስ ነበረበት። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ንጹሕ ሽንት ቤት ነበር፤ በሩ ውጭ አንዲት ነርስ መዝና የምትረከብ። የመጀመሪያው ቀን ብረቱ፣ በሕይወቱ ተቸግሮ የማያውቀው ሰውዬ፣ ጨርሶ እምቢ አለው። ሰው ቆሞ እየጠበቀው መሆኑን ሲያስብ ሁሉ ነገሩ ይዘጋል። ነርሷ ከውጭ ሆና "አይዞዎት፣ አይቸኩሉ" ባለች ቁጥር ይብስበታል። ላቡ መጣ። ለማምለጥ ሲያስብ ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ጥጉ ላይ መላጡን አየ። ይኼን ማን ነው የቀባው፣ ሳይደርቅ ነው ሁለተኛውን የደረበበት ማለት ነው፣ እያለ በውስጡ ሲናደድ የመጣበትን ረሳው፤ ሲረሳው ተሳካለት።

ከዚያ ወዲያ እንደ ሰዓት ነበር። ናሙናው በጨው ውኃ ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ይጠራቀማል፣ ከዚያም በኃይለኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ዶክተሯ እንክብሎቹን አሳየችው። ልፋቱ ሽፋኑ ላይ ነው አለችው፤ የጨጓራን አሲድ ችሎ ሳይሟሟ ያልፍና አንጀት ሲደርስ ብቻ እንዲከፈት ሆኖ ከተሠራ ነገር የተለበጠ ነው። ብረቱ አንዱን በጓንት ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው፤ አገላብጦ አየው።

"ልብጡ ንጹሕ ነው" አለ። "አንድ ቦታ እንኳ አልተንጠባጠበም።"

ቤት ውስጥ አማቱ የማለዳ አወጣጡን ልብ ማለታቸው አልቀረም።

"ይኼ ሰውዬ በየማለዳው የት ነው የሚሄደው?" ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

"ሆስፒታል። ለበሽተኞች ይለግሳል።"

"ደም?"

"እማዬ፣ ወተቱ ሊገነፍል ነው" ብላ ሚስትየው ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ምድጃው ላይ ወተት አልነበረም።

አማቱ ነገሩን ለራሳቸው ጨረሱት። ማታውኑ እራት ላይ ከሳህኑ ትልቁን የጉበት ቁራጭ አንስተው ብረቱ ፊት አኖሩለት።

"ብላ" አሉ። "ደም የሚተካው ጉበት ነው።"

ብረቱ ጉበት አይወድም። ሚስቱን አያት። ሚስቱ ፍሪጁን ከፍታ ፊቷን ውስጡ ደብቃለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በላው። በማግስቱም ጉበት መጣ። በሦስተኛው ቀን አማቱ ሱቅ ወርደው ለባለ ሱቁና እዚያ ለነበርነው ሁሉ "አማቼ ደሙን ለማያውቀው ሰው ይሰጣል" ብለው ነገሩን። እስከዚያ ቀን ድረስ "ሰውዬው" ነበር የሚሉት።

"ልንገራቸው?" አላት ብረቱ ሚስቱን።

"ንገራትና ጉበቱ ይቅርብህ።"

"ጉበቱማ ቢቀር ደስታዬ ነበር። 'አማቼ' ማለታቸው ነው እንጂ።"

ዝም አለ። ጉበቱን በላ።

ብዙም ሳይቆይ አማቱን ጥርስ አመማቸው። ጥርሱ ተነቀለ፣ ድዱ ስላመረቀዘ አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። እሑድ ባንከኛው መጥቶ መድኃኒቱን አገላብጦ አየና "ይኼ ልፍስፍስ ነው" አለ። እሱ ቤቱ አንድ መሳቢያ ሙሉ አንቲባዮቲክ አለው፤ ሲያስነጥሰው አንድ፣ ጉሮሮው ሲከረክረው ሁለት ይውጣል። ከዚያ ጠንካራ ነው ያለውን አምጥቶ ጨመረላቸው። እናቱ ልጃቸው የሰጣቸውን አንድም ሳያስቀሩ ወሰዱ።

ጥርሱ ዳነ። ሆዳቸው ግን ተረበሸ። መጀመሪያ የበሉት ነገር መሰላቸው፤ ቀጥሎ ብርድ ነው አሉ። ሲብስባቸው ሆስፒታል ገቡ፣ ያው ክፉ ባክቴሪያ ተገኘባቸው፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ተሻላቸው፤ ቤት ገብተው ሶፋቸውን ሳያሞቁ ተመለሰባቸው። ደግመው ታከሙ፤ ደግሞ ተመለሰ። ከሰውነታቸው ላይ ሥጋው አለቀ። ከሶፋው ጥግ ድምፅ ጠፋ። ብረቱ ማንም አትስቅ ሳይለው መሳቅ ተወ፤ ሲበላም አያንጎራጉርም። ቤቱ ውስጥ የሚነቅፈው ሰው ሲታጣ ምግቡም አልጥምህ አለው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል ሲወስዳቸው ደረጃ መውረድ አቅቷቸው አቀፋቸው። ባዶ የቀለም ባልዲ ያነሳ ያህል ነው የከበዱት። አንጀቱን በሉት።

"ቀስ በል" አሉት ክንዱ ላይ ሆነው፣ በሌለ ድምፃቸው። "ሸሚዝህ ቀለም አለበት፤ ልብሴን እንዳትነካካው።"

ብረቱ ይኼን ሲሰማ ተስፋ አደረገ።

ዋርዱ ውስጥ የመጣችው ያችው ቀጭን ዶክተር ነበረች። እሷና ብረቱ ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። ዶክተሯ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ለአማቱ፣ ለሚስቱና ለባንከኛው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች፤ ወዳጆቹን፣ ክፉውን፣ መልሶ ማስፈሩን። ከየት እንደሚመጡ ስትናገር ባንከኛው ከረባቱን አላላ።

"እኔ ልጃቸው ነኝ" አለ። "የግድ ከሆነ ከእኔ ይወሰድ።"

አማቱ በኩራት አዩት። ተመረመረ። ከቀናት በኋላ ዶክተሯ ወደ ጥግ ልትወስደው ብትሞክር "እዚሁ ይነገረኝ፣ የምንደባበቀው ነገር የለም" አለ።

"አልሆነም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንቲባዮቲክ በጣም አብዝተዋል። ውስጥዎ ሳስቷል። እንዲያውም ለራስዎ ቢጠነቀቁ ይሻላል።"

ባንከኛው ቁጭ አለ። በሕይወቱ ፈተና ወድቆ አያውቅም።

"አይጨነቁ" አለች ዶክተሯ፣ "ሌላ ለጋሽ አለን። ማንነቱ አይነገርም፤ ደንብ ነው።"

ብረቱ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሚስቱ ጫማዋን ታያለች። የስልክ ኦፕሬተሯ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ጸጥታ አዳመጡ፤ ማን እንደሚተነፍስ፣ ማን ትንፋሹን እንደያዘ።

"ለጋሽ ነው ያልሽው፣ ልጄ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"በየስንት ጊዜው ነው የሚለግሰው?"

"በሳምንት ብዙ ቀን። በማለዳ ይመጣል።"

"ደም የሚለግስ ሰውስ?"

"ደም በየማለዳው አይሰጥም፣ እማማ። ሰው ያልቃል። በየጥቂት ወሩ ነው።"

አማቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ያ ሁሉ ጉበት" አሉ።

"የምን ጉበት?" አለ ባንከኛው።

አማቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልወስድም አሉ። ልጃቸው ለመነቻቸው። ዶክተሯም ደግማ አስረዳች።

"ጠባዩም አብሮ ቢመጣብኝስ?" አሏት።

"ጠባይ አይመጣም፣ እማማ። ባክቴሪያ ነው።"

"አንቺ በምን ታውቂያለሽ? አብረሽው አልኖርሽ።"

ሚስትየው ማልቀስ ስትጀምር ብረቱ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣቸው። ወንበር ስቦ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። አማቱ ግድግዳውን እንዳዩ ናቸው።

"እማማ" አለ። "ደም ነው ብዬ አልዋሸሁም። አይደለምም አላልኩም።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"'አማቼ' አሉኝ። ደስ አለኝ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳበላቸው።

"አሁን እንዲህ ያድርጉ" አለ ብረቱ። "ይውሰዱና ይዳኑ። ከዳኑ በኋላ እንደ ድሮዎ ይጥሉኝ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። ሳይድኑ ከሚወዱኝ ድነው ቢጠሉኝ ይሻለኛል።"

"ማን ጠላህ አለህ?"

"ጥንቸል ይሉኝ የለ?"

አማቱ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው የድሮው ነበር። "ጥንቸል የሚጠላ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ። "ጥራት ያቺን ዶክተር። ጎረቤት ከሰማ ግን ወዮልህ።"

እንክብሎቹ ከማቀዝቀዣው ወጥተው በትንሽ ሳህን መጡ። አማቱ አንዱን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት።

"መንገድ ላይ ቢፈነዳስ?"

"አይፈነዳም" አለ ብረቱ ከዶክተሯ ቀድሞ። "ልብጡን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።" ከዚያ ማወቅ እንዳልነበረበት ትዝ ብሎት አፉን ዘጋ። ዶክተሯ መስኮቱን አየች።

"አንተ ፊትህን አዙር" አሉት አማቱ። "አንተን እያየሁ አይወርድልኝም።"

ብረቱ ግድግዳውን እያየ፣ በአንድ እጁ የውኃውን ብርጭቆ ወደ ኋላ እንደዘረጋ ቆመ። ከኋላው ሲውጡ ይሰማዋል፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ አንድ። እፍኝ ሙሉ ነበር። ሲጨርሱ ብርጭቆውን መልሰው እጁ ላይ አኖሩለት።

ሳምንት ሳይሞላ ዳቦ ጠየቁ። ቀጥሎ የዋርዱን አንሶላ አነጣጥ ነቀፉ፤ ልጃቸው ይኼን ስትሰማ ኮሪደር ላይ ወጥታ በደስታ አለቀሰች። ቤታቸው ገቡ፤ በሽታውም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰባቸውም።

አንድ ነገር ግን እረፍት ነሳቸው፤ ራሳቸውን መጠርጠር ጀመሩ። አንድ እሑድ ብረቱ አንድ ደንበኛው ሳያውቅ አዲስ ከተቀባ በር ጋር ስለተጣበቀበት ቀን ሲያወራ፣ አማቱ ቤት የሚያናጋ ሳቅ ሳቁ። ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ብረቱን በጥርጣሬ አዩት።

"ይኼ የእኔ ሳቅ አይደለም" አሉ።

ሌላ ቀን እቃ ሲያጥቡ አንጎራጎሩና ሳህኑን ሊጥሉት ነበር። ለክትትል ሲሄዱ ዶክተሯን በምስጢር ጠየቋት። ዶክተሯም የአንጀት ባክቴሪያ ከአንጎል ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ገና እየተጠና ያለ ነገር እንደሆነ፣ ሳቅን የሚያስተላልፍ ባክቴሪያ ግን እስካሁን እንዳልተገኘ፣ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ቢስቅ እንደማይገርም ነገረቻቸው። ጎመንና ምስርም እንዲያዘወትሩ መከረቻቸው፤ የገቡት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ሲያገኙ ነው የሚበረክቱት። ገበታ ላይ "ካሮቱን አቀብለኝ" ሲሉ ታዲያ "ዶክተሯ ስላዘዘች ነው" ሳይሉ አያልፉም።

ባንከኛውም ያን መሳቢያውን ሙሉ ለፋርማሲ መለሰ። ምሳ ላይ ከባንክ ጓደኞቹ ተለይቶ በዕቃ ይዞ የመጣውን ጎመን ይበላ ጀመር። አንድ እሑድ ብረቱን በረንዳ ላይ ለብቻው አግኝቶት፣ ዙሪያውን አይቶ፣ "እንዳንተ ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ብሎ ጠየቀው። ብረቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "አትቸኩል፤ ስትቸኩል ነው የሚዘጋው" አለው።

ብረቱ እንዲህ እንዳለ ብዙ የሚቀጥል መስሎት ነበር። አንድ ቀን ግን አሮጌ ቤት ሲያድስ ምስማር ረገጠ። እንደ ልማዱ ችላ አለው። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለው ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቲባዮቲክ ዋጠ። እግሩ ዳነ። ለቀጭኗ ዶክተር እውነቱን ሲነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ፤ ቢያንስ ለወራት መለገስ አይችልም፤ ከዚያም እንደገና ተመርምሮ ነው።

ሥራ እንደተባረረ ሰው ሆኖ ቤቱ ገባ። በማለዳ ይነቃል፤ የሚሄድበት የለም። አማቱ ከሶፋቸው ሆነው ቀናትን ታዝበውት ቆዩ።

"ማን ሞተ?" አሉት በመጨረሻ።

"ማንም። አንደኛ የምወጣበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀረ።"

"አሳየኝ እግርህን" አሉ። አሳያቸው። ጠባሳውን አገላብጠው አዩና "ብረቱ ስላሉህ እውነት መሰለህ እንዴ? ምስማር አይወጋኝም ያለህ ማን ነው?" ብለው ለረጅም ጊዜ ተቆጡት። ተቆጥተው ሲያበቁ ግን ከሶፋው ጥግ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። እዚያ ጥግ ላይ ከሳቸው በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

ወራቱ አልፎ ብረቱ ሊመረመር ሲዘጋጅ ዶክተሯ ደወለች። ምርመራው ይቆየን፣ መጀመሪያ መጥተህ የምታየው ነገር አለ አለችው፤ በዚያ ጊዜ አንተ አንቺ መባባል ጀምረው ነበር። አማቱ እኔም እሄዳለሁ አሉ። ለምን ሲባሉ "እኔም ይመለከተኛል" ብለው ጥሩውን ቀሚሳቸውን ለበሱ።

ላቦራቶሪው ውስጥ አየር የማያስገባ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ነበር፤ ከጎኑ እጅ ማስገቢያ ረጃጅም ጓንቶች ተገጥመውለታል። ውስጡ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ በጠርሙሶቹ ውስጥ ደፍረስ ያለ ፈሳሽ አለ። ዶክተሯ ነገሩን አስረዳች። አሁን ጥረቱ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች እየለዩ ላቦራቶሪ ውስጥ ማርባት ነው፤ ይኼ ከተሳካ አንድ ቀን የለጋሽ ያለህ ማለት ይቀራል። የሙሉውን ያህል ይፈውስ እንደሆነ ገና እየተሞከረ ነው፤ ምንም ቃል መግባት አይቻልም።

"እነዚህ ግን" አለች ወደ ጠርሙሶቹ እያመለከተች፣ "መጀመሪያ ከሰጠኸን ናሙና የተገኙ ናቸው። ከአንድ ቀን ወደ አንድ ቀን ብዙ ትውልድ ነው የሚወልዱት። እየተባዙ ነው።"

ብረቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። መስታወቱን ሊነካ እጁን አንስቶ ጥፍሩ ሥር ያለውን ሰማያዊ ቀለም አየና ወደ ኪሱ መለሰው።

አማቱ መነጽራቸውን አጠለቁ። ጎንበስ ብለው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

"ጤና ይስጥልኝ" አሏቸው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሙ። አንዲት የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴት አማቱን ከነጥሩ ቀሚሳቸው አየቻቸውና ጨዋታ ፈለገች።

"ከየት ነው እንዲህ አምሮብዎት?"

"የልጅ ልጆቼን ልጠይቅ ሄጄ ነው" አሉ አማቱ።

"እሰይ። ስንት ናቸው?"

"ኧረ አይቆጠሩም።"

ሴትየዋ ብረቱን አየችው። ብረቱ አንገቱን አስግጎ አውቶቡስ መምጣቱን ማየት ጀመረ።

"እግዜር ያሳድግልዎት" አለች።

"አሜን" አሉ አማቱ። "በደህና ቦታ ነው ያሉት። ይሞቃቸዋል።"